በወተት የራሰው ፊት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለእናንተ የምነግራችሁ ትምሩኛላችሁ ብዬ ሳይሆን፣ ጸዳለን ስለማታውቋት ነው።

ጸዳለ ጓደኛዬ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን፣ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ሥዕል ለመማር እንሄድ ነበር፤ የምነዳው እኔ ነኝ። የምንማረው የአሥራ ዘጠነኛውን ክፍለ ዘመን የእርሳስ ሥዕል አሠራር ነው፤ የፊትን ጥላ በተጠቀለለ ወረቀት እያሹ ማለስለስ፣ ስሕተትን በደረቅ ዳቦ ማጥፋት፣ በመጨረሻም እርሳሱ እንዳይለቅ ወረቀቱን ቅባቱ በወጣለት ወተት ማራስ። እኔ ከእሷ እበልጥ ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም አላፍርም። እሷ ግን ቤቴ እንግዳ ሞልቶ ሳለ፣ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩትን ሥራዬን እያየች፣ «ይቺ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ናት እንጂ ሰው ናት?» አለች። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አልረሳሁም።

ወንድሟ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ፊቱን ሣለችው። በሳምንቱ ሞተ። ስለ ወተቱ ትምህርቱ የተሰጠው እሷ እሱን ስታስታምም በቀረችበት ቀን ስለነበር፣ ልትጠይቀኝ ደወለችልኝ።

«እቴ፣ እርሳሱ እንዳይለቅብኝ ምን ልቀባው?»

«ወተት።»

«በዚህ ጾም? ወንድሜን ላስገድፈው ነው በይኛ!» እያለቀሰች ሳቀች። «የትኛውን ወተት?»

«ለልጅ ልጅሽ የምትገዢው ይበቃል።»

ረስቼ ነው? አይደለም። ለሕፃኑ የምትገዛው ሙሉ ቅባት ያለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ አስቤዛ አብረን ነበር የምንገዛው። አውቄ ነው ያደረግሁት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወረቀቱ ቢጫ ሆነ፤ የወንድሟ ግንባርና ጉንጭ ላይ ዘይት የፈሰሰ የመሰለ ነገር ወጣ። አምጥታ አሳየችኝ።

«ስሥለው እጄ ቅባት ነክቶ ነበር መሰለኝ» አለች።

እኔ ምን አልኩ? «ይሆናል» አልኩ። ከወተቱ ይልቅ ይህ «ይሆናል» ያሳፍረኛል። እጇን ጠላችው፤ ከዚያ ወዲህ እርሳስ አልያዘችም።

አዋርዳኛለች፤ እውነት ነው። ወንድሟ ግን ምን በደለኝ? የእሱ ፎቶ ሞልቷታል፤ ዓይን ለዓይን እየተያዩ የሣለችው ግን ያ አንዱ ብቻ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በእሷ እጅ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

እሑድ ቤቷ ሄጄ እነግራታለሁ። በሩን ብትዘጋብኝ አልቀየማትም። እንግዶቼን ስላሳቀችብኝ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ ቀድማ ትጠይቀኝ ብዬ ግን አልጠብቅም።