ከቀለሙ ሥር የቀሩት ቀይ ጫማዎች

ኮሎኝ ውስጥ ቢራ አይታዘዝም፤ ይመጣል። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰው አሳላፊ፣ ኬበስ የሚሉት፣ ብርጭቆህ ሳይደርቅ ሌላ ዱቅ ያደርግልሃል። ከበቃህ የብርጭቆ ማስቀመጫዋን ካርቶን ብርጭቆህ ላይ ትከድናለህ። ያኔ ኬበሱ ቃል ሳይተነፍስ ዞር ብሎ ይሄዳል። የከደነን እንግዳ «ምነው?» ብሎ መለማመጥ ለእሱ ውርደት ነው።

ኤንገልበርት ዕድሜውን የጨረሰው በዚህ ሥራ ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ለቢራ የወጣውን ደንብ ለፍቅርም አዋለውና ጉድ ሆነ!

ሮስቪታ የምትባል ወዳጅ ነበረችው። ለካርኒቫል ቀይ ጫማ አማረኝ ብትለው፣ ነጭ ጫማዋን የበር ቀለም ለቀለቀላት። ቀለሙ አልለቅ አለ፤ የጫማው አፍንጫ ላይ ተሰነጣጠቀ፤ እሷ ግን እየሳቀች ዓመት ሙሉ ተጫማችው። በኋላ የመርከብ ወጥ ቤት ሥራ አገኘችና አብረን ካልሄድን አለችው።

«እኔ? ኮሎኝን ትቼ? ጤናም የለሽ!» አላት።

መርከቡ ሊነሳ ሲል ራይን ወንዝ ዳር ትንሽ ተጨቃጨቁ። «በቃ ኤንገልበርት፣ በቃኝ» ብላ መርከቡ ላይ ወጣች። እሱም እንደ ለመደው ዞሮ ሄደ። ሮተርዳም ደርሳ እዚያው ቀረች፤ ከዓመታት በኋላ ሞተች ሲሉ ሰማ። ሌላ ሴት አላገባም። አንድ ነገር ብቻ ውስጡን ሲበላው ኖረ፤ ያን ቀን ቆማ አይታኝ ነበር ወይስ እሷም ፊቷን አዙራ ገባች? ፎቶዋ እንኳ የለውም፣ ምስኪን።

ጡረታ ሊወጣ ሲቃረብ፣ ባልደረባው ፈርዲ ጋዜጣ ይዞ መጣ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ያ ጥግ ላይ ይቀመጥ የነበረው ሠዓሊ ትዝ ይልሃል?»

«ያ ቆንቋና! ጉርሻ ሰጥቶኝ አያውቅም።»

«ራሱ ባነሳው ፎቶ ላይ፣ ሲመሽ ከሥራው የተረፈውን ቀለም ይለቀልቅበታል። አንዱ ነገ ለጨረታ ይቀርባል፤ በዋጋው ቤት ይገዛል አሉ።»

«ልጄ ቢሆን እንዲህ የለቀለቀው፣ በጥፊ ነበር የማጮለው።»

«ልጅ የለህም እኮ።»

«ተረፈ በለኛ!»

እየሳቀ ጋዜጣውን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ከግራጫው ቀለም ሥር ጥንድ ቀይ ጫማ ወጥቷል፤ አፍንጫው የተሰነጣጠቀ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጨረታው ሳይጀመር፣ እሁድ እሁድ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ወደ ጨረታው አዳራሽ ሄደ። ሥዕሉ ከመዳፍ አይበልጥም። አፍንጫው የሥዕሉን መስተዋት ሊነካ ሲል አንዲት የአዳራሹ አስተናጋጅ ደረሰች።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ራቅ ይበሉ።»

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ቀለም እዚህ ጋ ትንሽ ቢፋቅ ምን አለበት?»

«ምን አሉኝ?»

«ከሥሩ ሰው አለች።»

«ኧረ በፈጠረዎት! ሰው የሚገዛው ቀለሙን እኮ ነው!»

«ለእናንተ ነዋ።»

ፎቶው የተነሳው ያን የተለያዩ ቀን ነው። ፊቷ የለም፤ ፀጉሯም የለም። ከመርከቡ አጥር በላይ ያለውን ሁሉ ቀለሙ ውጦታል። ጫማዎቹ ግን አሉ፤ አፍንጫቸውም ወደ ወደቡ፣ ወደ እሱ ዞሯል። አጥሩን የጨበጡ ሁለት እጆቿም ይታያሉ። አይታዋለች! ልቡ በደስታ ዘለለ፤ አንድ አፍታ እንደ ጎረምሳ አደረገው።

ከዚያ ቀለሙ ያልደረሰበትን ጠርዝ አየ። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ወጣት እየሄደ ነው፤ ጀርባው የሹራቡ ስፌት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ዙር» አለ ኤንገልበርት በሹክሹክታ። «ዞር በል እንጂ፣ አንተ ግትር።»

ሥዕሉ በስልክ ለተጫረተ ሰው ተሸጠ፤ አዳራሹም አጨበጨበ።

ያን ቀን ማታ መጠጥ ቤቱ እንደ እንግዳ ተቀመጠ። ፈርዲ አመጣለት፣ ደገመው፣ ሰለሰው። በመጨረሻ ኤንገልበርት ካርቶኑን ብርጭቆው ላይ ከደነ። ፈርዲም እንደ ደንቡ ዞሮ ሄደ።

«ፈርዲ!» አለ ሽማግሌው። «ተመለስ እስቲ። ምነው፣ ለምን በቃህ ብለህ ጠይቀኝ።»