ለመስተዋቱ የተገዛው ትምባሆ

ባለፈው ነሐሴ ጎንደር ላይ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ስመጣ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደና የማኪናው መጥረጊያ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ሾፌሩ ግን ምንም ሳይመስለው ዳር ይዞ ቆመ፤ ከኪሱ ሁለት ሲጋራ አወጣ፣ ሰባበራቸው፣ ወርዶም የፊቱን መስተዋት በረጠበው ትምባሆ ፈተገው። ተመልሶ ሲገባ ውሃው መስተዋቱ ላይ መለጠፉን ትቶ እየተንሸራተተ ይወርድ ጀመር፣ መንገዱም ታየ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ አንዱማ «ሲጋራ ለጤና ጥሩ ነው ማለት ነው!» ብሎ ቀለደ። እኔ የረጠበው ትምባሆ ሽታ በተከፈተው በር ሽው ብሎ ሲገባ መቀመጥ አቃተኝ። ልውረድ አልኩ። በዚያ ዶፍ፣ በዚህ ጉልበቴ! አጠገቤ የነበረችው ልጅ «እማማ፣ ምነው? ገና አልደረስንም እኮ» ብትለኝ አልሰማኋት፤ ወርጄ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ስር ተሸጎጥኩና እስኪያባራ ድረስ ወዲያና ወዲህ ስል ቆየሁ።

ልጆቼ «እማዬን ዝናብ ሲጥል ዛሯ ይነሳባታል» ይላሉ። ይበሉ! በክረምት ማኪና ውስጥ ከተቀመጥኩ ሾፌሩን አላስነዳም፤ መስተዋቱን በነጠላዬ ጫፍ እጠርጋለሁ፣ አንገቴን አስግጌ ዳርና ዳሩን አያለሁ፣ ቀስ በል እላለሁ፣ ደግሞ ወዲያው ምነው ቆምክ እላለሁ። ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ወገራ ውስጥ፣ አምባ ጊዮርጊስ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ብዙ አልቆየም፤ አባቴ ጌጡ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደ አንድ አሮጌ የጭነት ማኪና ይነዳ ነበር። የወገራን ገብስ ወደ ጎንደር ያወርዳል፣ ጨውና ላምባ ጭኖ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ሾፌር መሆን ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በዕድሜ የሚበልጡት ሳይቀሩ «አያ ጌጡ» እያሉ ከመንገድ ይነሡለት ነበር። የማኪናዋ በር በጠፍር ነው የሚታሰረው። ውስጧ ላምባ፣ የገብስ ገለባና የረጠበ ቆዳ ይሸታል፤ ለእኔ ከዚያ የበለጠ ሽቶ አልነበረም፣ የለምም።

አባቴ የዝናብ ሕግ ነበረው። ጠዋት ጠዋት መስተዋቱን በአመድ አሽቶ ያጥባል። የመጥረጊያው ላስቲክ ሲያልቅ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ያስርለታል። ጉም ሲወርድ መብራቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ከፍ ካደረጉት ጉሙ መልሶ ዓይን ይወጋል ይል ነበር። በረዶ እየጣለ እንኳ የጎኑን መስኮት ትንሽ ገርበብ ያደርገዋል፣ ትንፋሻችን መስተዋቱን እንዳያለብሰው። እናቴ እናኑ ወሬ ስትጀምር ደግሞ «ዝም በይ እንጂ፣ ወሬ መስተዋት ያደበዝዛል» ይላታል፤ እሷም «አንተ ዓይንህ ደክሞ በእኔ አፍ ታሳብባለህ» ብላ ታኮርፋለች፣ ግን ከኩርፊያዋ በታች ስትስቅ ትከሻዋ ይነቀነቅ ነበር። ይህን ሁሉ ሕግ አውቅ ነበር። አንዱን ብቻ አላውቅም።

እንግዲህ ያቺ ቦርሳ። አባቴ መፍቻና ሽቦ የሚይዝባት የቆዳ ቦርሳ ነበረችው፤ በፍልሰታ ጾም መጨረሻ ላይ፣ ዳቦ ቆሎ አስቀርቶልኝ እንደሆነ ብዬ ስበረብራት በጨርቅ የተጠቀለለ ቡናማ ቅጠል አገኘሁ። አሸተትኩት። ትምባሆ! የነፍስ አባታችን፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማርና፣ ትምባሆ ከመናፍቅ ሆድ ዕቃ ላይ የበቀለ ቅጠል ነው እያሉ ያስተማሩን ነበር፤ ትምባሆ በነካ አፉ ሥጋ ወደሙ የሚቀበል ሰው እሳት ነው የሚቀበል ብለውናል። እኛ ደግሞ ለፍልሰታ ልንቆርብ ሁለት ቀን ነው የቀረን፣ አባቴም አብሮን። ሌሊት ተነሥቼ አባቴ እንደተኛ ጢሙን አሸተትኩት፤ የሸተተኝ ሽሮ ነበር፣ እኔ ግን ጭስ ነው ብዬ አመንኩ። ጎህ ሲቀድ ቅጠሉን ከጓሮ ባለችው ጅረት ጣልኩትና አባቴን ከገሃነም ያወጣሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። አይ እኔ!

በዚያው ዕለት ታናሽ ወንድሜ ደምሌ፣ ከሁለት ቀን በፊት የጀመረው ትኩሳት ባሰበት። ቀትር ላይ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለና ተንቀጠቀጠ። አባቴ ጭነቱን እዚያው ጥሎ አራታችንም ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት ወረድን፤ ደምሌ በእናቴ እቅፍ፣ እኔ መሀል። ከገደሉ አፋፍ ያለችው ኮሶዬ ልንደርስ ስንል ሰማዩ ተደፋ። ዝናብ ብቻ አይደለም፣ በረዶ የተቀላቀለበት፤ ከገደሉም ጉሙ እየተነሣ ይመጣል። ያቺ የጎማ ቁራጭ ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ብላ ተበጠሰች። ከዚያ በኋላ ከመስተዋቱ ማዶ ያለው ነገር ሁሉ አመድማ ሆነ፤ መንገዱም አመድማ፣ ገደሉም አመድማ።

አባቴ ቆመ። ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ ዘረገፈው። መፍቻው ወጣ፣ ሽቦው ወጣ፣ ጨርቁ ባዶውን ወጣ። ደግሞ መልሶ ዘረገፈው። በመጨረሻ እናቴን ቀና ብሎ ሳያያት፣ እንዳፈረ ሰው፣ «ትምባሆ ነበረኝ፤ አትቆጪኝ፣ ላጨስበት አይደለም። ከሱዳን የሚመጡ ሾፌሮች ናቸው ያሳዩኝ፤ መስተዋቱን ሲያሹበት ውሃ አይዝም። የት ጣልኩት?» አለ።

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ አንደበቴ ተሳሰረ። እናቴ አንዴ አየችኝና ዓይኗን መለሰች።

አባቴ ወርዶ በጋቢው ጠረገው፤ ባሰበት። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሊነዳ ሞከረ፤ በረዶው ዓይኑን መታውና ጎማው የገደሉን አፋፍ ነክቶ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማን፤ ድንጋዩ ታች ሲደርስ ግን አልሰማንም። ፍሬኑን ረግጦ «እስኪያባራ እንቁም» አለ። የወገራ ክረምት መቼ ነው የሚያባራ! ደምሌ እንደገና ተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። እናቴ ልጁን እቅፌ ላይ አስቀመጠችው፣ ነጠላዋን ጀርባዋ ላይ ዘርግታ መቀነቷ ውስጥ ጠበቅ አድርጋ ሸጎጠችውና በሩን ፈታች።

«የት ልትሄጂ?»

«ከፊት ከፊትህ እሄዳለሁ። ነጩን እያየህ ና።»

«አብደሻል? ግቢ እላለሁ!»

«ልጁ ይሞትብሃል፣ ጌጡ! ንዳ!»

በሕይወቴ እናቴ በአባቴ ላይ ስትጮህ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አባቴ ነዳ። አንድ እጁ መሪው ላይ፣ በሌላው መስተዋቱን ከውስጥ እየጠረገ፤ እናቴ በገደሉ በኩል፣ ከማኪናዋ አፍንጫ ጥቂት እርምጃ ቀድማ፣ በእግሯ መንገዱን እየዳሰሰች። ከእሷ የሚታየን ያ ነጠላ ብቻ ነበር። ሲጠፋ አባቴ ይቆማል፣ ክላክስ ይነፋል፣ እሷም እጇን ታነሣለች። ሁለት ጊዜ ወደቀች። ሁለተኛው ላይ ቶሎ አልተነሣችም፤ አባቴ በሩን ሊከፍት ሲል ነጩ ቀስ ብሎ ቆመ። እኔ የወንድሜን ትኩስ ራስ ደረቴ ላይ ይዤ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እላለሁ፣ በሞተሩ ጩኸት ማን ይሰማኛል። ገደሉ አልቆ መንገዱ ወደ ውስጥ እስኪገባ ድረስ እንዲህ ሄድን። ከዚያ ስትሳፈር ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ወሬ የለም ዛሬ፣ መስተዋቱ እንዳይደበዝዝብህ» አለችውና ልጁን ከእቅፌ ተቀበለችኝ።

ደምሌ ዳነ። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ይህን ታሪክ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው።

እናቴ ግን ብርዱ ደረቷ ላይ ቀረባት። ለመስቀል ደመራ አልወጣችም። ኅዳር ላይ፣ አባቴ ጎንደር በሄደ ቀን፣ አልጋዋ አጠገብ ጠራችኝ። «ስትጥዪው አይቼሻለሁ» አለች፣ ሳሏ እያቋረጣት። «ጎሽ ልጄ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ። እኔም ማጨስ የጀመረ መስሎኝ ነበር። ለአባትሽ እንዳትነግሪው፤ በአንቺ እንዳይቀየም። ከእኔና ከአንቺ አይውጣ።» ማልኩላት። ጥምቀትን ሳታይ ቀበርናት።

ሲያድጉ ይቀልላል የሚል ሰው ውሸቱን ነው። ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ወልጄ፣ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ፤ እሳቸው «ትምባሆ መጣልማ ጽድቅ ነው፤ ኃጢአቱ የቱ ላይ ነው?» አሉኝና መስቀል አሳልመው ሰደዱኝ። ዛሬ ያ መንገድ አስፋልት ሆኗል፤ ኮሶዬ ላይ ጉም ሲወርድ ሰዎች ወርደው ፎቶ ይነሣሉ። የእናቴ ሳቅ፣ ያ ከኩርፊያ ስር የሚነቀነቅ ትከሻ፣ እኔ ዘንድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም አንዳንድ ቀን ፈልጌ አጣዋለሁ።

አባቴ ሌላ ሚስት አላገባም። ከዚያ በኋላ ሌሎች ማኪናዎች ነድቷል፤ ሸጋ ሸጋ መጥረጊያ ያላቸው። ግን ክረምት በገባ ቁጥር ያቺን ቦርሳ አውጥቶ ይዘረግፋት ነበር፣ ስፌቷን ሳይቀር በጣቱ እየዳሰሰ። አርጅቶ፣ ዓይኑ ፈዞ፣ ጎንደር እኔ ዘንድ ሊሞት በተኛበት ክረምት፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ እጄን ያዘኝ።

«ልጄ፣ ያን ለታ ቅጠሉን የት ጥዬው ይሆን?»

ለእናቴ የማልኩት ትዝ አለኝ። አፌን ከፈትኩ፣ እንደዚያን ለታው።

«እኔ እንጃ፣ አባዬ» አልኩት።

«እኔ ነኝ የረሳሁት» አለ። «እኔ ነኝ የገደልኳት።» እጄን ለቀቀና ወደ ግድግዳው ዞረ።