በሐልዋ ቤት ቀማሽ ነበርኩ

«እማማ ብርቄ፣ እስቲ የድሮውን ይንገሩን» የሚሉኝ አሁን ሐልዋ ቤቱ ውስጥ የሚሠሩት ልጆች ናቸው። ድስቱ እስኪፈላ ድረስ ወሬ ያምራቸዋል። ስነግራቸው ቆይተው «ይሄማ ይጻፍ» አሉ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ እንደማወራው ነው የምጽፈው፤ ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ።

ቤቱ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከኤረር በር ገባ ብሎ ነው። ፊት ለፊቱ መሸጫ፣ ጓሮው ማብሰያ፣ ላዩ የቤተሰቡ መኖሪያ። ጌታው ሐጂ ዩሱፍ ነበሩ፤ ሚስታቸው አባይ ፋጡማ። አባይ በሐረሪዎች ቋንቋ ታላቅ ሴት የምትከበርበት መጠሪያ ነው።

ከዚያ በፊት እኔ ኤረር በር ሥር ቁጭ ብዬ የተቆላ ለውዝ እሸጥ ነበር። ባሌ ወታደር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጓደኞቹ አንድ አንድ እያሉ ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። ሦስት ልጆች ይዤ ቀረሁ። በዚያ ላይ ኩሩ ነበርኩ። አባይ ፋጡማ አንድ ጊዜ ለልጆቼ ልብስ ቋጥረው ቢልኩልኝ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አለን» ብዬ መለስኩ። አልነበረንም።

በጥር ወር ሐጂ ራሳቸው መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ብርቄ፣ ሥራ አለኝ» አሉ። «ሰደቃ እንዳይመስልሽ፣ ቸግሮኝ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ረመዳን ይገባል። እኛ ሁላችን ጾመኞች ነን፤ ድስቱን የሚቀምስ ሰው የለንም። አንቺ ክርስቲያን ነሽ፣ ቅመሺልን።»

«መቅመስ ሥራ ነው እንዴ?»

«በሐልዋ ቤት ከዚያ የሚበልጥ ሥራ የለም።»

በማግሥቱ ነጠላዬን አገልድሜ ገባሁ። የመጀመሪያ ቀን ያስቀመጡኝ ግን ሙቀጫ ፊት ነው። የሐልዋ ቤት ማዕረግ ከሙቀጫ ይጀምራል፤ ሄል ቀጥቃጭ፣ ከዚያ ቆራጭ፣ ከዚያ አማሳይ። ከሁሉ በላይ የስኳሩን ውሃ የሚያፈላው ነው፤ እሱም ሐጂ ብቻ ነበሩ። የዚያን ቀን ማታ ልጆቼ ቀሚሴን እያሸተቱ ተኙ።

ስኳሩ በውሃ ሲፈላ ሎሚ ጠብ ይደረግበታል፣ አለዚያ ሲበርድ ተመልሶ አሸዋ ይሆናል። ጠብታውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይዘው ሲከፍቱት ክር ካወጣ ደርሷል። በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠው ስታርች ይገባል፣ ቅቤው በጭልፋ በጭልፋ ይከተላል። ማማሰያው ለአፍታ ከቆመ ሥሩ ይይዛል። ሄሉ መጨረሻ ላይ ነው። ሐልዋው ድስቱን ለቆ አብሮ መዞር ሲጀምር ይወርድና ትሪ ላይ ይዘረጋል።

አማሳዩ ጀማል የሚባል፣ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከሶፊ የመጣ ሰው ነበር፤ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ክንዱ የኔን ጭን የሚያክል። አፉም እንደ ክንዱ አያርፍም።

«እኔ ቀኑን ሙሉ በክንዴ፣ አንቺ በምላስሽ» ይለኛል። «ወይ ፍርድ! እናቴ ምነው ምላሴን ባጠነከረችው።»

«የአንተስ ጠንክሯል» ይሉታል አባይ ፋጡማ።

መቅመስ ያስተማሩኝ ሐጂ ናቸው። ትኩሱን አይቀምሱትም፤ ትኩስ ነገር ሁሉ ጣፋጭ ይመስላል። በፊት አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ነው። ስኳሩ ከምላስ ጫፍ ይመጣል፤ ሄሉ ግን ከዋጡት በኋላ ጉሮሮ ላይ ነው የሚናገረው። ካቃጠለ በዝቷል፣ ዝም ካለ አንሷል። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ይጠይቁኛል፤ ስሳሳት አይቆጡም፣ «ድገሚ» ነው የሚሉት። በአንድ ወር ውስጥ ማን እንደቀጠቀጠው ሁሉ መለየት ጀመርኩ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «ነገ ሁዳዴ ነው» ተባለ። ሰኞ ሥራ ስገባ ደግሞ አባይ ፋጡማ «ጨረቃዋ ከታየች ሐሙስ ረመዳን ነው፣ ኢንሻአላህ» አሉ። ዘነዘናውን እንዳነሣሁ ቀረሁ። እነሱ በጨረቃ ይቆጥራሉ፣ እኛ በባሕረ ሐሳብ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የለም። እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። በረመዳን ልትቀምስ የተቀጠረችው ሴት ራሷ ጾመኛ ናት።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ጾሜን ብፈታ ማንም አያየኝም፣ ከላይ ያለው ካልሆነ። ብናገር ደግሞ ሥራው ቀረ፤ ልጆቼ ወደ ለውዙ ተመለሱ። ትንሿ ልጄ ገና መጥገቧ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ግን ዘነዘናውን አስቀምጬ ሦስቱም ባሉበት ተናገርኩ።

ጀማል ሳቁ ቀደመው። «ቀማሿም ጾመኛ! ሐጂ፣ እኛ እኮ እስከ ዛሬ...»

«ጀማል፣ እንጨት አልቋል» አሉ አባይ ፋጡማ።

«አሁን ነው ያመጣሁት።»

«አልቋል አልኩህ።»

ወጣ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጾምሽን በስንት ሰዓት ትፈቻለሽ?»

«በዘጠኝ።»

«ቅቤ ያለበትስ?»

«እስከ ፋሲካ አይሆንም።»

«እንግዲያው በዘይት እንሠራለን» አሉ። «ድስቱም በዘጠኝ ሰዓት ይወርዳል።»

ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሐልዋ ወርዶ እስኪረጋ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ማፍጠሪያው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ሰዉ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ይሰለፋል። ድሮ ጠዋት ይወርድ የነበረው ድስት በዘጠኝ ይውረድ ማለት ቤቱን መገልበጥ ነው። ሐጂ ሰፋፊ ትሪዎች አስመጡ፤ ሐልዋው ስስ ሆኖ ይዘረጋ ጀመር፣ ስስ ነገር ቶሎ ይበርዳላ። አባይ ፋጡማና እኔ በሰፌድ እናራግባለን። ጀማል «ሙሽራ የምታራግቡ ትመስላላችሁ» ይለናል። ቤቱ በሙሉ በኔ አፍ ሰዓት ገባ።

በዚያው ሳምንት አንድ ነጋዴ ለማፍጠሪያ እንግዶቹ አንድ ድስት ሙሉ አዘዘ። ስሙን አልጠራም፣ ከተማው ትንሽ ነው። ሄሉን እኔ ጨመርኩና ትሪ ላጥብ ወጣሁ። አባይ ፋጡማ ወደ ድስቱ ሲመጡ ሄል መግባቱን አላወቁም፤ እሳቸውም ጨመሩ። በሌላው ጊዜ ጣት ነክሮ መላስ ነበር። በጾም ግን ማን ይልሳል?

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አማተብኩ፣ ተጉመጠመጥኩ፣ ቀመስኩ። ሄሉ ጉሮሮዬን ያዘው፤ መራራ ነው። ነጋዴው ራሱ መጥቶ መሸጫው ጋ ቆሟል። ዝም ብል ጥፋቱ እስከ ማፍጠሪያ አይታወቅም። ደግሞስ ሄሉን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ብናገር በማን ላይ ይላከካል?

«ሐጂ፣ አይሸጥም» አልኩ። «ሄሉ እጥፍ ሆኗል።»

ይቀምሱታል ብዬ ሳይሆን ያሸቱታል ብዬ ጠበቅኩ። አላሸተቱትም።

«አይሸጥም» አሉት ነጋዴውን።

«እንዴት አይሸጥም? ቆሜ እያየሁት!»

«ቀማሻችን አይሆንም ብላለች።»

ነጋዴው ዞሮ አየኝ፣ ማተቤን አየ። «የሐጂ ዩሱፍ ሐልዋ በአንዲት ክርስቲያን ምላስ ሆነ እንዴ የሚሸጠው?»

«አዎ» አሉ ሐጂ። «ያውም በጾመኛ ምላስ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልነካውም።»

ለሰውዬው ሙሸበክ ተጠበሰለት። ሙሸበክ በተበሳ ጣሳ ሊጡን እያዞሩ የሚያንቆረቁሩት፣ በዘይት ተጠብሶ ስኳር ውሃ የሚጠጣ ጣፋጭ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል። እያጉረመረመ ይዞ ሄደ። የተበላሸውን ድስት አልደፋነውም፤ ሄሉ ከተቀነሰባቸው ሦስት ድስቶች ጋር በሦስት ቀን አዋሕደን ጨረስነው።

ማታ አባረሩኝ ብዬ ስጠብቅ ሐጂ የሄሉን ቆርቆሮና ቁልፉን አምጥተው ሰጡኝ። «ከዛሬ ወዲያ ከአንቺ ሌላ ማንም አይነካውም» አሉ። አባይ ፋጡማ «እኔም?» ሲሏቸው «አንቺ በተለይ» አሏቸው። ያን ቁልፍ ከሃያ ዓመት በላይ በመቀነቴ ይዤው ኖርኩ።

ጨረቃዋ ደግሞ ትዞራለች። ረመዳን ከሁዳዴ ወጥቶ አንድ ሁለት ዓመት አሳረፈኝና ከገና ጾም ጋር ገጠመ። ከዚያ ተላቆ፣ ቆይቶ ከፍልሰታ ጋር። ቀማሽ ተብዬ የረመዳኑን እኩሌታ በጾም ነው ያሳለፍኩት። በገጠመ ቁጥር ሐጂ ሳልናገር ሰፋፊዎቹን ትሪዎች ያስወርዱ ነበር። የዘይቱ ሐልዋም የጾም ሐልዋ ተብሎ ቀረ፤ አሁን ክርስቲያኑ ሁሉ በሁዳዴ የሚገዛው እሱን ነው።

በዓል እኛ ቤት አያልቅም ነበር። ዒድ አልፎ ስድስቱ ቀን ተጾሞ ሲያልቅ ሸዋል ዒድ ይመጣል። ልጃገረዶቹ አምረው ወደ ኤረር በር ሲወርዱ ጎረምሳው ሐልዋ ሊገዛ ደጃችንን ይሞላዋል። ጀማል በሚገዙት ልክ ይፈርዳል፤ «ይሄ ያገባል፣ ያኛው ግን ሆዱን ነው የሚወደው።» እጮኛሞች ሆነው የገዙን ለሠርጋቸውም ያዙናል፣ ቆይተው ልጆቻቸውን ይልካሉ።

ሥጋ ላይ እኔ የእነሱን አልበላም፣ እነሱም የኔን። ለፋሲካ አባይ ፋጡማ ዶሮ የሚሰጡኝ ከነነፍሷ ነበር፤ በኔ ሰው ላሳርዳት። ከዶሮዋ ጋር የቅቤ ሐልዋ አለ፣ ለጾሜ መፍቻ። ከዚያ ወዲህ ልብስም ቢልኩልኝ አልመለስኩም። የሥራ ባልደረባ ስጦታ መስሎ ይታየኝ ነበራ። ሦስቱም ልጆቼ ተምረው ለወግ ለማዕረግ በቁ።

ጀማል ወደ ሶፊ፣ ወደ እርሻው ተመለሰ። ሐጂ በሰላም አረፉ፤ አባይ ፋጡማም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሏቸው። ጉልበቴ ሲደክም ቁልፉን ለልጃቸው ለሙና አስረከብኩ። እኔ ስቀጠር ሙና ሙሸበክ የምትሰርቅ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ አሁን የስኳሩን ውሃ የምታፈላው እሷ ናት። ሳስረክባት ያልኳትን ለእናንተም እላለሁ፤ ሄል የሚጨምር እጅ አንድ ብቻ ይሁን፣ የቀመሰውም ሰው ሲናገር ይታመን። ከሥራው የተማርኩት ይኸው ነው።

ሥራውን ከተውኩ በኋላ በአንዱ ረመዳን ልጠይቃት ሄድኩ። ሙና ከድስቱ በማንኪያ ጨልፋ አቀዘቀዘች፣ በምላሷ ጫፍ ነካችው፣ እንትፍ አለችና ተጉመጠመጠች።

«ምነው ልጄ፣ ጾምሽን ገደፍሽ» አልኳት።

«ኧረ አልገደፍኩም፣ እማማ ብርቄ። ለሚያበስል ሰው ይፈቀዳል፤ ዋናው አለመዋጥ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከጥንት። አያቶቻችንም እንደዚሁ ነበሩ።»

ወደ ድስቱ ቀረብ አልኩ። «እኔ ከመምጣቴ በፊት በረመዳን ድስቱን ማን ነበር የሚቀምሰው?»

«አባቴ ነዋ» አለች። «በምላሱ ጫፍ ነክቶ እንትፍ ይላል። እኔን ያስተማረኝ እሱ አይደል?»

«ሰደቃ እንዳይመስልሽ፣ ቸግሮኝ ነው» ብለው ካስገቡኝ ቀን ጀምሮ ሐጂ በረመዳን ሲቀምሱ አንድ ቀን እንኳ አይቼ አላውቅም።