ሆዱ ወደ ውስጥ የገባው ድስት

ባለሆዱ የሚለውን ስም ብቻ ሰምቶ የሚመጣ ደንበኛ ወፍራም ሰው ነበር የሚፈልገው። ወደ ሱቁ ጎራ ይልና፣ መዶሻ ይዞ ያጎነበሰውን ቀጭን ሰውዬ "ባለሆዱ የሉም እንዴ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውዬውም ቀና ሳይል "እሱ ወጣ ብሏል፤ ሆዱ ግን እዚህ አለ" ብሎ የጨረሰውን ድስት ገልብጦ ያሳየዋል።

ቀጭኑ ሰውዬ ራሱ ባለሆዱ ነው፤ ሆድ የተባለው ደግሞ የድስቱ ቂጥ ነው። ባለሆዱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የአልሙኒየም ድስት ሲሠራ፣ በመጨረሻ ቂጡን ከውስጥ በእንጨት መዶሻ እየመታ የእርሳስ ውፍረት ያህል ወደ ውጭ ያወጣው ነበር። እንዲህ የተሠራ ድስት በከሰልም ሆነ በጋዝ ምድጃ ላይ ሲጣድ ሆዱ ቀለበቱ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጣል። አይንሸራተትም፤ እሳቱም ዙሪያውን ይልሰዋል። በሥራው ላይ ስሙን ጽፎ አያውቅም፤ ፊርማው ያ ሆድ ነበር። ሰው ቤት ሲጋበዝ እጅ መታጠብን ሰበብ አድርጎ ወደ ማድቤት ብቅ ይላል። ተደፍቶ የደረቀ የራሱን ድስት ካየ ልቡ ቅቤ ጠጥቶ ይመለሳል፤ ካላየ ምግቡን "ትንሽ ጨው በዝቶበታል" ይላል።

ሱቁን ከዘጋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከእጁ ሥራ እቤቱ የቀሩት ሰባት ድስቶች ናቸው፤ ትንሹ በትልቁ ውስጥ እየገባ ሰባቱም አንድ መደርደሪያ ላይ ያድራሉ። ሚስቱ ከእነሱ ውጭ በሌላ አብስላ አታውቅም።

ነገሩ የተነሣው ነርስ የሆነችው ሴት ልጃቸው አዲስ ማድቤት ልሥራላችሁ ባለች ጊዜ ነው። አሮጌው ማድቤት ከቤቱ ጀርባ ያለ፣ መስኮቱ ከመጽሐፍ የማይበልጥ ጠባብ ክፍል ነበር። አዲሱ ከሳሎኑ ጋር ተያይዞ ተሠራ፤ ግድግዳው በነጭ ሸክላ ተለበጠ፣ የውሃ ቧንቧው ገባ። የቀረው ምድጃው ብቻ ሆነ። አናጢው ጠረጴዛውን አበጅቶ ምድጃው የሚገባበትን ቀዳዳ ለመቁረጥ ልኩን ይጠብቅ ነበር።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ ነው የምቆርጠው" አለው ለባለሆዱ። "ቀዳዳ ማስፋት ይቻላል፤ ማጥበብ ግን የለም። እስከዚያ የትኛው ምድጃ እንደሚገባ ወስኑልኝ።"

ልጅቱ ኢንዳክሽን የሚባለውን ነው የፈለገችው። ላዩ መስታወት ነው፤ እሳት የለውም፣ ድስቱን እንጂ ራሱን አያግልም፣ ውሃ በአራት ደቂቃ ያፈላል እያለች አስረዳች። ካልሆነም ሴራሚክ የሚባል አለ፤ እሱም መስታወት ነው፣ ከሥሩ ግን የሚግል ሽቦ አለው። ጋዙ ብቻ ይቅር አለች። በዝግ ቤት ውስጥ የሚነድ ጋዝ ለእናቷ ደረት ጥሩ አይደለም።

ባለሆዱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። መብራት ሲጠፋ በምን ልንበላ ነው አለ። መስታወት ይሰበራል አለ። እሳት ሳያዩ ማብሰል ዓይን ጨፍኖ ክር በመርፌ ማስገባት ነው አለ። "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" ብሎም ጨመረበት። እናትሽ ዕድሜዋን ሙሉ በጋዝ ስታበስል ምን ሆነች ብሎ ጠየቃት። የሆዱን ግን አላወጣም። ልጅቱ ኢንዳክሽን በአልሙኒየም ድስት እንደማይሠራ ስትናገር ሰምቷል፤ "ድስት እንደሆነ ይገዛል" ያለችውንም ሰምቷል። ያቺ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ውስጥ ቀርታበታለች።

ሚስቱ ምስር ትለቅም ነበር። በማን በኩል እንደሆነች ሊያውቅ ፊቷን ቢያይ፣ እሷ ጠጠር ነበር የምትፈልገው።

በማግስቱ ድስቶቹ ከተደረደሩበት መካከለኛውን መዝዞ በጋዜጣ ጠቀለለው፤ በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ምድጃ መሸጫው ሄደ። ሻጭዋ መነጽር ያደረገች፣ ቀልጠፍ ያለች ሴት ነበረች። ድስቱን ተቀብላ ከመሳቢያዋ ማግኔት አወጣችና ቂጡ ላይ ለጠፈች። ማግኔቱ ወደቀ። እንደገና ለጠፈች፤ እንደገና ወደቀ። "ኢንዳክሽን ማግኔት የሚይዘውን ድስት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ለማንኛውም ይሞክሩት" ብላ ድስቱን ውሃ ሞልታ ኢንዳክሽኑ ላይ አስቀመጠችው። ምድጃው ሦስት ጊዜ ጢጥ ጢጥ አለና መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር።

"ምን እያለ ነው?" አላት።

"ድስት አልተጣደም ነው የሚለው።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"ለእሱ ድስት አይደለም፣ አባት።"

ባለሆዱ ብዙ ነገር ተብሎ ያውቃል። ውድ ነህ ተብሏል፤ ቀርፋፋ ነህ ተብሏል፤ ድስትህ ከበደኝ ያለች ሙሽራም ነበረች። ያንተ ሥራ ድስት አይደለም ያለው ግን ይህ ምድጃ የመጀመሪያው ነው።

ሴራሚኩ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ታየ። ከመስታወቱ ሥር ቀይ ቀለበት ፋመ፤ ድስቱ ግን በሆዱ ላይ ቆሞ ነካ ሲያደርጉት እንደ እንዝርት ዞረ። መስታወቱን የሚነካው የሳንቲም ስፋት ያህል ብቻ ነበር። ሩብ ሰዓት ቆሙ፤ ውሃው ለብ ከማለት አላለፈም። ሻጭዋ አጠፋችና መነጽሯን አወለቀች። እውነቱን ልንገርዎ፣ ለእንዲህ ያለ ድስት ጋዝ ነው የሚሻለው አለችው።

ፍርዱን እንደ ደብዳቤ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ባለሙያዋ ራሷ ተናግራለች፤ ከእንግዲህ ልጅቱ ምን ትላለች? መንገዱን ሁሉ አነጋገሩን ሲያሳምር መጣ።

በጓሮ በኩል ሲገባ ሚስቱ በአሮጌው ማድቤት በር ላይ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ወደ እሱ ነው። ውስጥ ድስት ተጥዷል። ተነሣች፣ ገባች፣ አማሰለች፤ ወዲያው እያሳለች ወጥታ ተቀመጠች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ትንፋሿን ጠበቀች። ከዚያ እንደገና ተነሥታ ገባች። ባለሆዱ ፌስታሉን እንዳንጠለጠለ ቆመ። በርጩማዋን ሁልጊዜ እዚያ ያያታል። ፀሐይ ስለምትወድ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። አሁን በርጩማዋ ባዶ ስትሆን ሥሯን አየ፤ እግሮቿ መሬቱን እየቦረቦሩ እንቁላል የሚያስቀምጥ ጉድጓድ አበጅተዋል። ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነውና፣ ምን ያህል ጊዜ ቢወርድበት መሬት እንደዚያ እንደሚሆን ለመገመት ሰው አላስፈለገውም። ደግሞም በርጩማዋ ያለችበት ቦታ ከቀትር በኋላ ጥላ ነው።

ያሳመረውን ንግግር ለማንም አልተናገረም።

በማግስቱ ጠዋት የእንጨት መዶሻውንና ጠፍጣፋውን ብረት ከአልጋ ሥር አወጣ። መካከለኛውን ድስት ደፍቶ ቂጡን በደረቅ ሳሙና ይፈትግ ጀመር። ሚስቱ በበሩ አልፋ ስታየው ቆመች።

"ድስት ልታጥብ ነው? ዛሬስ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?"

"ዞር በይ፤ ሥራ ነው" አላት።

ነገሩ የሙያው ምስጢር ነው። አልሙኒየም ሲግል እንደ ብረት ቀልቶ አይናገርም፤ ልክ ሲያልፍ ዝም ብሎ ይቀልጣል። ስለዚህ ሳሙና ይቀባል። ሳሙናው ወደ ጥቁር ቡና ዓይነት ሲለወጥ ድስቱ ለመዶሻ ለስልሷል ማለት ነው። ባለሆዱ በአሮጌው የጋዝ ምድጃ ላይ ደፍቶ አጋለው፤ ሳሙናው ሲጠቁር አነሣው፣ አቀዘቀዘው፤ ብረቱ ላይ አስቀምጦም ከመሃል እየጀመረ ወደ ዳር ቀጠቀጠው። ለዘመናት ወደ ውጭ የገፋውን በአንድ ጠዋት መለሰው። እጁ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ፤ በልማዱ ድስቱን ገልብጦ ከውስጥ ሊመታ ሲል ራሱን ያዘ። በመጨረሻ ማስመሪያ አጋደመበት፤ ብርሃን በሥሩ አላለፈም።

ወደ ምድጃ መሸጫው ይዞት ሄደ። ሴራሚኩ ላይ ሲያስቀምጠው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ደስታው ግን ውሃው እስኪሞቅ ነበር፤ ድስቱ ሲግል ቂጡ ተነፋና እንደገና መዞር ጀመረ። ሻጭዋ ሳቋን በእጇ ሸፈነች።

"ሆዱ ተመለሰ፣ አባት" አለችው።

ባለሆዱ ግን አልተናደደም። ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ብረት ሲሞቅ ቦታ ይፈልጋል፤ ይህን ያውቅ ነበር። በሱቁ ዘመን ሆዱ አስቀድሞ ወጥቶ ስለነበር፣ ትንሽ ቢጨምርም ማንም አይቆጥርበትም። አሁን ግን ቦታውን አስቀድሞ በተቃራኒው በኩል መስጠት ነው። ድስቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ገባ ያለ መሆን አለበት፤ ሲግል ይሞላዋል።

ዓርብ ዕለት እንደገና ሳሙና፣ እንደገና እሳት። በጨርቅ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ ከውስጥ ደገፈው፤ ቂጡንም ከውጭ፣ የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ፣ ወደ ውስጥ አስገባው። ከሰዓት ለሦስተኛ ጊዜ ወደ መሸጫው ብቅ ሲል ሻጭዋ ከሩቅ አይታው፣ ምድጃ ሳይገዙ ምድጃችንን ጨረሱት ብላ ቀለደች። ውሃው ሲፈላ ግን እሷም ጠጋ አለች። ድስቱን በጣቷ ገፋችው፤ አልዞረም። ሴራሚኩ ከጠፋ በኋላም መስታወቱ ግሎ እንደሚቆይ፣ እስኪቀዘቅዝ ቀይ መብራት እንደሚያሳይ ነገረችው። እሱም ለሚስቱ እንዲነግር ሁለት ጊዜ አስደገማት።

ማታ፣ ራት ሲበሉ፣ ለልጅቱ "ሴራሚክ ይሁን" አላት። ልጅቱ አባቷን ታውቀዋለችና ምክንያቱን አልጠየቀችም፤ ገበታውን አነሣችና ወደ አናጢው ልትደውል ወጣች። ሚስቱ ግን መካከለኛውን ድስት አንሥታ ገለበጠችው። መዳፏን ቂጡ ላይ አሳለፈች።

"ሆዱን ምን አደረግኸው?"

"አስገባሁት።"

"ከእንግዲህ ያንተ ሥራ መሆኑ በምን ይታወቃል?"

ባለሆዱ በምትኩ ሁለት ቀን ያስጨነቀውን ጠየቃት። "ያቺን በርጩማ ወደ ውጭ ያወጣሻት መቼ ነው?"

"እኔ እንጃ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳለች መሰለኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩህ እንጂ። ስለ እሳቱ ስነግርህ አንተ ስለ ድስቱ ነው የምትሰማው" አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ድስቱን በቀስታ ወደ ቦታው መለሰች። "ድስቱማ ምን ወጣለት።"

ቅዳሜ አናጢው ቆረጠ። እሱ በአዲሱ ማድቤት መጋዙን ሲያስጮህ፣ ባለሆዱ በአሮጌው ውስጥ የቀሩትን ስድስት ድስቶች አንድ በአንድ እያጋለ ይቀጠቅጥ ነበር። የመጨረሻው ትንሹ ነበር፤ ሚስቱ ልጅቱን ስታጠባ ውሃ ታሞቅበት የነበረው። ሳሙናው ሲጠቁርለት አነሣው፤ ከዚያ ጋዙን ዘጋና የሲሊንደሩን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አጠበቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት ምድጃው ገባ። ሚስቱ የመጀመሪያውን ምስር ስትጥድ፣ ባለሆዱ ከአጠገቧ ቆሞ ይህን ቀንሺ፣ እዚያ አትንኪ እያለ፣ ዕቃውንም ከቦታ ቦታ እያዛወረ አስቸገራት። እሷም ማማሰያዋን ይዛ በሩን አሳየችው።

ወጥቶ መቀመጫ ሲፈልግ ያገኘው ያቺኑ በርጩማ ነው። ከጉድጓዷ ነቅሎ ከአዲሱ መስኮት ሥር አስቀመጣትና ተቀመጠባት። የድስቱ ክዳን መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰማ። ሚስቱ አንድ ጊዜ አሳለች። ባለሆዱ ትንፋሹን ይዞ ሁለተኛውን ጠበቀ። ከመስኮቱ የመጣው ግን ሌላ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ጨዉን የት ነው ያደረስከው?"