ሳይደርስ የተጠረገ ቤት

ልጄ በመኪና የሚወዳደርበት የአፈር ሜዳ ላይ ማምሻውን ውሃ ሲረጭ፣ የጭቃው ሽታ አባባ በከባድ መኪናው ወደ ጅማ የሄደበትን ክረምት አስታወሰኝ። እንደወጣ ቤቱን ጠረግሁ። አክስቴ መጥረጊያውን ነጠቀችኝ፤ «አንቺ ልጅ! መንገደኛ ሳይደርስ ቤት ይጠረጋል? አባትሽን ጠርገሽ ልታስወጪው ነው?» እስኪመለስ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዛሬ ልጄ ለዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ከኦክላንድ ቤታችን ማለዳ ወጣ። እኔም ሳላስበው ቤቱን በቫኪዩም አጸዳሁ። አሁን ሜዳው ዳር ስነግረው ሄልሜቱን እያጠለቀ ሳቀ።

«ማሚ፣ ሪላክስ! ቫኪዩም አይቆጠርም።»

የቤተ ክርስቲያናችን ቄስም ይህን ልማድ ተዪው ይሉኛል። መኪኖቹ ተነሡ። መቁጠሪያዬን እየቆጠርሁ ተቀመጥሁ። ከኩርባው ጭቃ እየረጩ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ የልጄን ገና አላየሁትም።