በጣት የተፈተነ ሽግግር

ቃሊቲ በሚገኝ የብረታ ብረት ፋብሪካ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ የተቀጠርኩት መብራት በፈረቃ ይታደል በነበረበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቀን የቴክኒክ ኃላፊው ኢንጂነር አሰፋ ከመለዋወጫ መጋዘኑ አጠገብ ያለች ክፍል ከፍተው አስገቡኝና በጨርቅ የተሸፈኑ ስምንት ኮምፒውተሮች አሳዩኝ። «ስድስቱ ታመዋል» አሉ። «ሁለቱ ደግሞ መብራት ሲኖር ይሠራሉ።»

በሽታው ቫይረስ ነበር። ጸሐፊዋም፣ መጋዘን ጠባቂውም፣ የሰው ኃይል ክፍሉም ፍላሽ ይሰካሉ፤ አንዱ ማሽን ሲድን ሌላው ይተኛል። ሁለት ወር እንደ አስታማሚ ስሯሯጥ ከረምኩና ሰለቸኝ። አንድ ቅዳሜ የሁሉንም ውስጣቸውን አጥፍቼ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩባቸው።

ሰኞ ጠዋት ኢንጂነሩ ስክሪኑን አዩና «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አሉኝ። የማንም ኩባንያ እንዳልሆነ፣ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች ያለ ክፍያ እንደሚሠሩት ነገርኳቸው። «ታዲያ ሲበላሽ ማን ይጠየቃል?» አሉ።

እኔ ራሴ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ የሆንኩት በጎረቤቴ በጋሽ መኮንን ምክንያት ነው። ጋሽ መኮንን ሳሪስ አቦ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራን ተማሪዎችን ያስተምሩ ነበር፤ እሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው። ትምህርት ቤቱ በእርዳታ ያገኘው የብሬል ማተሚያ ነበር፤ ወረቀት ላይ በጣት የሚነበቡ ነጥቦችን የሚያወጣ ማሽን ነው። እንግሊዝኛ ያትማል፣ አማርኛ እምቢ ይላል። በየቅዳሜው እሳቸው የአማርኛውን ነጥቦች እየነገሩኝ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ ስሳሳት እየተቆጡኝ፣ የትኛው ፊደል በየትኞቹ ነጥቦች እንደሚታተም የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ጨረስን። ሲስተሙን ለሚሠራው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ላክሁት፤ ወደዱት። ትንሽ ቆይተው የብሬሉን ፓኬጅ ኃላፊነት ሰጡኝ። ፓኬጅ የምንለው አንድን ፕሮግራም ማንም ሰው በቀላሉ እንዲጭነው አሰናድተን ስናስቀምጠው ነው።

ከዚያ ሽግግሩ መጣ። በእኛ አገር ሽግግር ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው መንግሥት ነው፤ የእኔ ግን የላይብረሪ ነበር። ላይብረሪ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉበት ኮድ ነው። ጽሑፍን ወደ ብሬል የሚቀይረው ላይብረሪ አርጅቶ አዲስ ተተካለት። አሮጌው እንዲወጣ ደግሞ በእሱ የሚሠሩት ሃያ ምናምን ፕሮግራሞች ሁሉ ከአዲሱ ጋር እንደገና መገንባት አለባቸው። የፋብሪካ ሞተር ሲቀየር ቀበቶው ሁሉ እንደ አዲስ እንደሚለካው ማለት ነው።

እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ኃላፊ አለው፤ አንዱ ብራዚል፣ አንዱ ጃፓን፣ አንዱ የት እንደገባ የማይታወቅ። የማኅበሩ የዕትም አስተባባሪ ኢንግሪድ የምትባል ቃል የማታባክን ሴት ነበረች። «ሽግግሩን አንተ ምራው» ብላ ጻፈችልኝና ቀነ ገደቡን ነገረችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ይዘጋል፤ ለሁለት ዓመት በሚያገለግለው የሲስተሙ ዕትም ውስጥ ምንም አዲስ ነገር አይገባም።

አራት ወር ደብዳቤ ስጽፍ ከረምኩ። የሚመልስ ነበረ፣ የሚቆጣ ነበረ፣ ዝም የሚል ነበረ። ዝም ያሉትን ፕሮግራሞች ራሴ ገነባኋቸው። በመጨረሻ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ሁኔታ በሚያሳየው የማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ፤ ተገንብተው አልቀዋል ማለት ነው። ወደ ትምህርት ቤቱ ሄጄ፣ ጋሽ መኮንን ክፍል ገብተው ሲያስተምሩ፣ አዲሱን ጭኜ አንድ ገጽ አተምኩ። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር በነጥብ ተሞልቶ ወጣ። ደስ ብሎኝ የዚያኑ ዕለት «ሽግግሩ ተጠናቋል፣ አሮጌው ይውጣ» ብዬ ለኢንግሪድ ጻፍኩ። ሰኞ ነበር፤ በሩ የሚዘጋው ቅዳሜ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ መኮንን ደውለው ጠሩኝ። ስደርስ የመንፈቅ ዓመት ፈተናቸውን አትመው ጠረጴዛው ላይ ዘርግተውታል።

«ዘሪሁን፣ ትናንት ያተምከውን ወረቀት ማን አነበበው?»

«እኔ አይቼዋለሁ ጋሽዬ። ጥሩ ነው የወጣው።»

«ማየቱንማ አይተኸዋል። ያነበበው ማነው ነው የምልህ።»

ሠንጠረዡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በጣቴ ማንበብ ግን አልችልም ነበር። እጄን ይዘው የመስመሩ መጨረሻ ላይ አስቀመጡት። አዲሱ ላይብረሪ ወረቀቱን ካለው ስፋት በላይ ይገምተዋል፤ ማተሚያው ደግሞ ከወረቀቱ ያለፈውን ይተወዋል። ከየመስመሩ መጨረሻ አንድ ሁለት ቃል የለም። ለሚያየው ሙሉ ገጽ ነው፤ ለሚያነበው ግን ያላለቀ ጥያቄ ነው። «ልጆቼ ሰኞ በዚህ ሊፈተኑ ነው» አሉ።

«የእርስዎን ማሽን አሁኑኑ ወደ አሮጌው ልመልሰው» አልኩ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። እውነቱን ለመናገር ልደብቀው ፈልጌ ነበር። አራት ወር የለፋሁበት፣ ስሜ ያለበት የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዬ ነው።

«የእኔንስ ትመልሰዋለህ» አሉኝ። «ባሕር ዳር ያለው መምህር ማንን ሊጠራ ነው?» ቀጥለውም ፈተናውን የሚያትሙት በተስተካከለው አዲሱ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። «ካልደረስክ ነጥቡን በእጄ እየወጋሁ እጽፈዋለሁ። ድሮም በእጄ ነበር።»

ፋብሪካ ተመልሼ ለኢንግሪድ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ተጠናቋል ያልኩት አልተጠናቀቀም። ሳላስነብብ ነው ያሳወቅሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» መልሷ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። ቀኑ አይራዘምም። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ የብሬል ማተሚያው ፕሮግራም ከዕትሙ ይወጣል። መጨረሻው ላይ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው አይነግረኝም» ትላለች። ያቺን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት።

ከቀሩኝ ቀናት በሁለቱ የቃሊቲ መስመር መብራት የለውም። ኢንጂነር አሰፋ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ጥፋቱ የማን ነው?» አሉኝ።

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያው የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው» ብለው ጄኔሬተሩ ለኔም ክፍል እንዲበራ አዘዙ።

እርማቱ ራሱ አጭር ነበር፤ ላይብረሪው የወረቀቱን ስፋት ከመገመት ይልቅ ማተሚያውን እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ያለፋኝ፣ እርማቱ ሌላ ነገር እንዳያበላሽ ፕሮግራሞቹን ሁሉ ዳግመኛ መገንባት ነው። ብራዚላዊው ሳልለምነው ግማሹን ወሰደልኝ። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ባለውለታዬ ነው። ዓርብ ከሰዓት ፍላሼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በታክሲ ወደ ሳሪስ ሄድኩ።

ጋሽ መኮንን ፈተናውን አተሙና ማንበብ ጀመሩ። ስድስት ገጽ ነው። ቸኩዬ «እንዴት ነው?» ስላቸው «ዝም በል» አሉኝ። ጣታቸው እያንዳንዱን መስመር እስከ ጫፍ ሄዶ ይመለሳል። አራተኛው ገጽ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተጽፏል» አሉ። «ይሄኛው የእኔ ስህተት ነው።»

አስተካክለው እንደገና አተሙት፣ እንደገናም አነበቡት። ስድስተኛውን ገጽ ሲጨርሱ ወረቀቱን ደረደሩና «አሁን ጻፍላት» አሉኝ። ጻፍኩላት። ቅዳሜ በሩ ሲዘጋ ፕሮግራሙ ዕትሙ ውስጥ ነበር።

ፈተናው ሰኞ ተሰጠ። ውጤቱ ሲታወቅ ደወልኩላቸው።

«ሁለቱ ወድቀዋል» አሉኝ። «ጥያቄውን ግን ሁሉም እስከ መጨረሻው አንብበውታል።»

እንደዚያ ደስ ያሰኘኝ የውድቀት ዜና ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሽግግሮችን መርቻለሁ። ጋሽ መኮንን፣ ኢንግሪድና ኢንጂነር አሰፋ ጥፋቴን አልሸፋፈኑልኝም፣ ከሥራውም አላባረሩኝም፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። አዳዲስ ባልደረቦቼ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ፕሮግራም የሠራው ሰው ብቻውን ፈትኖ አይጨርሰውም፤ የሚጠቀምበት ሰው ይፈትነው።