የደከመችው ድምፅ

የቫዮሊን ደጋን ሙጫ በሸተተኝ ቁጥር፣ ኦስሎ፣ ላምበርትሴተር ሰፈር ያለው የአያቴ ሳሎን ድቅን ይልብኛል። የአባቴ እናት ናት፤ ኖርዌያዊት ስለሆነች ፋርሞር ነው የምላት። ልጅ ሳለሁ በየሐሙሱ ከትምህርት ቤት ወጥቼ፣ እርጥብ ጫማዬን በሯ ላይ አውልቄ እገባና፣ ቫዮሊን ታስተምረኝ ነበር። ኖታ የሚባል ነገር የለም፤ እሷ ትጫወታለች፣ እኔ በእግሬ ወለሉን እየመታሁ አንጎራጉራለሁ፣ ዜማውን አፌ ሳይለምደው ቫዮሊኑን አታስነካኝም ነበር።

ቅጠሉ ሲረግፍ የጀመርነው የአያቷን ዜማ ነበር። ሰውዬው አሜሪካ ሄዶ፣ ቀን እርሻ ላይ ሲለፋ ውሎ፣ ማታ ለአገሩ ልጆች ሰርግ ሲጫወት ያነጋ ነበር አሉ። ዜማው መጨረሻ ላይ ጣቱ በድካም እየተንሸራተተ፣ አንዷ ድምፅ ትንሽ ዝቅ ብላ ቀረች። ኦስሎ ሲመለስም ይዟት መጣ። እኛ ቤት «የደከመችው» ትባላለች። ሳይጫወቱ በፊት ደግሞ ዜማውን ከማን እንደተቀበሉት መናገር ግዴታ ነው።

ክረምቱ ሲገባ እናቴ ቢየርቪካ የሚባል ሰፈር ቢሮ ስታጸዳ ውላ ልትወስደኝ ትመጣና፣ ኮቷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። የትምህርት ቤት አስተማሪዬ ያቺ ድምፅ ስህተት ናት ስላለችኝ፣ ሃውገሩድ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ተለማምጄ አቃናኋትና ለፋርሞር በኩራት ተጫወትኩላት።

«ናይ፣ አይሆንም» አለች ፋርሞር፣ «ይሄ የትምህርት ቤቱ ነው፤ የእኛ አይደለም።»

እንባዬ ሊመጣ ሲል፣ እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ከሶፋው ላይ በአማርኛ፣ «ያቺን የምታዛጋዋን የት አደረግሻት? እኔ እኮ እሷን ስሰማ ነው ሰውነቴ የሚያርፍልኝ» አለችኝ። ለፋርሞር ስተረጉምላት ስቃ፣ ብርድ ልብስ አምጥታ እናቴን አለበሰቻት።

ከዚያ ወዲያ ግን የደከመችው ድምፅ ጠፋችብኝ። ሆን ብዬ ዝቅ ሳደርጋት የውሸት ትሆናለች። በረዶው ሲቀልጥ የፋርሞር ጣቶች ማበጥ ጀመሩ፤ ከእሷ ሌላ የሚጫወታት ስላልነበረ፣ እኔ ካላገኘኋት ከእሷ ጋር ልትቀር ነው። «አትፈልጊያት፣ ዝም ብለሽ ተጫወቺ» ትለኝ ነበር።

አሁን የፋርሞር ጣቶች አይታጠፉም፤ ቡናዋን በሁለት እጇ ነው የምትይዘው። እኔም ከትምህርት በኋላ ዳቦ ቤት ቆሜ እሠራለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከሥራ እንደወጣሁ ሄጄ፣ የአያቷን፣ የአባቷንና የእሷን ስም ጠርቼ ጀመርኩ። እዚያች ቦታ ስደርስ፣ ጣቴ ሳላዘው ሸርተት አለ። የፋርሞር እግር ወለሉን መምታቱን ቀጠለ።

ያኔ እናቴ ለምን ከነኮቷ እንደምትተኛ አይገባኝም ነበር። አሁን ተጫውቼ ስጨርስ፣ ዛሬም ሶፋው ላይ የምትተኛውን የእናቴን እግር ገፋ አድርጌ እኔም ከነጃኬቴ አጠገቧ ጋደም እላለሁ።